ከበር እስከ በር፦ የከተማ ትራንስፖርት በተሳፋሪው ሰዓት ሲለካ

አንድ የአውቶቡስ ድርጅት «በዚህ መስመር በሰዓት 6 አውቶቡስ አሰማርቻለሁ» ብሎ ሪፖርት ሲያቀርብ እውነቱን ሊሆን ይችላል። ስድስቱ በየ10 ደቂቃው አንድ አንድ እያሉ ከመጡ፣ ሰዓት ሳያይ ፌርማታ የደረሰ ሰው በአማካይ 5 ደቂቃ ይጠብቃል። እነዚያው ስድስት አውቶቡሶች መንገድ ላይ ተይዘው፣ ጥንድ ጥንድ ሆነው በየ20 ደቂቃው ከደረሱ ግን አማካይ ጥበቃው 10 ደቂቃ ይሆናል። ሪፖርቱ ላይ የተለወጠ ቁጥር የለም፤ ነዳጁ ያው፣ ሾፌሩ ያው፣ ምልልሱም ያው ነው። እጥፍ የሆነው ፌርማታ ላይ የቆመው ሰው ጊዜ ነው፤ እሱን ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚመዘግበው ቅጽ የለም።

የመጨናነቅ ሒሳብም እንዲሁ ያሳስታል። 100 ሰው ከሚይዙ ሁለት አውቶቡሶች አንዱ 90 ሰው አጭቆ፣ ሌላው 10 ሰው ይዞ ቢያልፍ አማካዩ 50 ነው። ደህና የተመቸ ይመስላል። ከመቶው መንገደኛ ዘጠናው ግን የተጓዘው በታጨቀው ነው። ኃላፊው «አውቶቡሶቻችን ግማሽ በግማሽ ባዶ ናቸው» ሲል፣ ተሳፋሪው «እግር ማሳረፊያ እንኳ ጠፋ» ሲል ሁለቱም አልዋሹም። አንዱ መኪና ቆጠረ፣ ሌላው ሰው ቆጠረ።

«ተጠቃሚን ያማከለ ዲዛይን» የሚለው አነጋገር አሁን በየስብሰባው ይነሳል፤ ብዙ ጊዜም መጨረሻው የሚያምር የስልክ መተግበሪያ ነው። በእኔ እምነት ነገሩ የሚጀምረው ከዚያ እጅግ ቀደም ብሎ ነው፦ የምንለካው በማን ሰዓት ነው? ድርጅቱ ጉዞን የሚቆጥረው ከተርሚናል እስከ ተርሚናል ነው። ሰው ግን የሚጓዘው ከቤቱ በር እስከሚሄድበት በር ነው። ወደ ፌርማታ መራመድ፣ መጠበቅ፣ መሳፈር፣ ወርዶ ሌላ መያዝ፣ እንደገና መጠበቅ፣ የመጨረሻውን መንገድ በእግር መጨረስ፤ ይህ ሁሉ ለእሱ አንድ ጉዞ ነው። ተሽከርካሪው ውስጥ የሚያሳልፈው ጊዜ አንዳንዴ ከሁሉም ያነሰው ነው።

የሚያመው መጋጠሚያው ነው

የትራንስፖርት ዕቅድ ባለሙያዎች ይህን ከረጅም ጊዜ ጀምሮ ያውቁታል። የጉዞ ፍላጎትን በሚተነብዩ ስሌቶቻቸው ውስጥ ፌርማታ ላይ የምትጠበቅ አንዲት ደቂቃ ተሽከርካሪ ውስጥ ከምታልፈው ደቂቃ ሁለት እጥፍ ያህል ትመዝናለች። ከአንዱ ወርዶ ሌላ መያዝ ካለ ደግሞ፣ መቀየሩ ከሚፈጀው ጊዜ በላይ ተጨማሪ የ«ቅጣት» ደቂቃዎች ይታሰቡበታል፤ ሰዎች ቅየራ ያለበትን መንገድ ከሚገባው በላይ ሲሸሹ ስለሚታዩ ነው። ለነገሩ ቢሸሹ አይፈረድባቸውም። የሚንቀሳቀስ መኪና ውስጥ የተቀመጠ ሰው ቢያንስ እየሄደ መሆኑን ያውቃል። ፌርማታ ላይ የቆመው ግን መቼ እንደሚመጣ፣ ሲመጣ ቦታ ይኑረው አይኑረው፣ ጭራሽ ይምጣ ይቅር አያውቅም። ፀሐዩ፣ ዝናቡ፣ ሲመሽ ደግሞ ስጋቱ አለ።

ከዚህ የሚከተለው መደምደሚያ ለበጀት ሰዎች ደስ የሚል መሆን ነበረበት፦ የጥበቃን አንድ ደቂቃ መቀነስ፣ የጉዞን ሁለት ደቂቃ ከማሳጠር ጋር እኩል ነው፤ ብዙ ጊዜም ይረክሳል። ሆኖም ሪባን የሚቆረጠው ለድልድይና ለአዲስ ባቡር ነው። አውቶቡሶች ተራርቀው እንዲደርሱ ለሚያደርግ ተቆጣጣሪ ማንም ሪባን አይቆርጥለትም።

የብራዚሏ ኩሪቲባ ይህን የጉዞ መጋጠሚያ፣ ማለትም መጠበቁን፣ መሳፈሩንና መቀየሩን፣ ቀድመው ካዩት ከተሞች አንዷ ናት። እ.ኤ.አ. በ1974 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመተ ምሕረቶችም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ለአውቶቡስ ብቻ የተከለለ መንገድ ከፈተች። በ1991 ደግሞ ቱቦ የሚመስሉ የመስታወት ጣቢያዎችን አመጣች። ተሳፋሪው የሚከፍለው ጣቢያው ሲገባ ነው፤ የጣቢያው ወለል ከአውቶቡሱ ወለል ጋር እኩል ነው፤ አውቶቡሱ ደርሶ በሮቹ ሲከፈቱ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይወጣል፣ ይገባል። በተለመደው አሠራር 40 ሰው በአንድ በር ሲገባ እያንዳንዱ ለመክፈል 3 ሰከንድ ብቻ ቢወስድ፣ አውቶቡሱ በዚያች ፌርማታ ብቻ 2 ደቂቃ ይቆማል። እንዲህ ያሉ 10 ፌርማታዎች ካሉ 20 ደቂቃ ሄደ ማለት ነው። የኩሪቲባ አውቶቡስ ሞተሩ አልተለወጠም፤ ያጠረው መቆሙ ነው። የኮሎምቢያዋ ቦጎታ በታኅሣሥ 2000 ትራንስሚሌኒዮ የተባለውን የአውቶቡስ ሥርዓቷን የከፈተችው ይህንኑ ሐሳብ አስፍታ ነው። በኋላ ተሳፋሪው በዝቶ የቦጎታ ጣቢያዎች መጨናነቃቸው ሌላ ጉዳይ ነው፤ ደህና የተሠራ ነገር ሰው ይስባል፣ የሳበውን ሰው የሚሸከም አቅም ደግሞ አብሮ ማደግ አለበት።

ክፍያም መጋጠሚያ ነው። መስመር ሲቀየር አዲስ ቲኬት የሚያስቆርጥ ከተማ፣ ቀጥታ መስመር ያልደረሰለትን ሰው ይቀጣዋል። ያ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ኪራይ የሚረክስበት ዳር ላይ የሚኖር ነው። ሎንዶን በ2016 በአንድ ሰዓት ውስጥ ለሚደረግ የአውቶቡስ ቅየራ ሁለተኛ ክፍያ መጠየቅ አቆመች፤ ከ2018 ጀምሮ ደግሞ በዚያው ሰዓት ውስጥ የፈለገውን ያህል መቀየር ተፈቀደ። አንድም አውቶቡስ አልተጨመረም፤ ለተሳፋሪው ግን ከተማው ሰፋለት።

እዚያው ሎንዶን መለኪያውም ተለውጧል። አውቶቡስ ቶሎ ቶሎ በሚመላለስባቸው መስመሮች፣ አውቶቡሶቹን የሚያሰማሩት የግል ኩባንያዎች የሚመዘኑት ተሳፋሪው ከታቀደው በላይ ስንት ደቂቃ በትርፍ ጠበቀ በሚለው ነው። ትርፍ ጥበቃው ከተቀነሰ ጉርሻ ያገኛሉ፣ ከጨመረ ይቆረጥባቸዋል። በእንዲህ ያለ ውል ሁለት አውቶቡስ አስከትሎ መላክ ኪስን ይጎዳል። ስለ ተጠቃሚ ከሚሰበኩ ብዙ ስብከቶች ይህች አንዲት የውል አንቀጽ የምትበልጥ ይመስለኛል።

የማን ጉዞ?

በ1991 ቪየና ውስጥ አንድ የፎቶግራፍ ዐውደ ርዕይ ተከፈተ። የሚያሳየው የ8 ሴቶችንና ልጃገረዶችን የዕለት ውሎ ነበር፦ ከየት ተነስተው የት እንደሚሄዱ፣ የትኛው መሻገሪያ ላይ እንደሚቆሙ፣ የትኛውን ጨለማ ጥግ እንደሚሸሹ። ካዘጋጁት አንዷ የከተማ ፕላን ባለሙያዋ ኤቫ ካይል ናት። ነገሩ በዚያ አላበቃም፤ የከተማው አስተዳደር የሴቶችን የዕለት ኑሮ ከፕላን ጋር የሚያገናኝ ክፍል አቋቋመ፤ ማሪያሂልፍ በተባለው ወረዳ የእግረኛ መንገድ ሰፋ፣ መብራት ተጨመረ፣ ደረጃ ባለበት የሕፃን ጋሪ መውጫ ተሠራ።

ለምን ሴቶች? አንዲት እናት በአንድ ቀን የምታደርገውን እንከተል። ጠዋት ልጇን ትምህርት ቤት ታደርሳለች፣ ከዚያ ሥራ ትገባለች። በምሳ ሰዓት ለታመመ አባቷ መድኃኒት ገዝታ ታቀብላለች። ማምሻውን ልጇን ታመጣለች፣ በመንገዷ አስቤዛ ትሸምታለች፣ በአንድ እጇ ልጅ በሌላው ዘንቢል ይዛ ወደ ቤቷ ትመለሳለች። የጉዞ ጥናት ቅጽ ላይ ይህ ውሎ ይበታተናል፦ አንዱ «ሽኝት»፣ ሌላው «ግዢ»፣ ሌላው «ጥየቃ»፣ የቀረው «የግል ጉዳይ» ይባላል። እያንዳንዱ ትንሽ ስለሚሆን ከሁሉም ገዝፎ የሚታየው «ሥራ» ነው። ስፔናዊቷ የከተማ ፕላን ምሁር ኢኔስ ሳንቼዝ ዴ ማዳሪያጋ እነዚህን ቁርጥራጮች «የእንክብካቤ ጉዞ» ብላ በአንድ ስም ሰበሰበቻቸው፤ ተደምረው ሲታዩ ከሥራ ጉዞ ጋር የሚፎካከር ትልቅ ነገር ሆኑ። ቅጹ ስላልጠየቀ ብቻ ተሰውሮ የነበረ ጉዞ ነው።

ውጤቱ መስመሩ ላይ ይታያል። የብዙ ከተሞች ትራንስፖርት የተዘረጋው ከዳር ወደ መሀል፣ ጠዋት ገብቶ ማታ ለሚወጣ ሠራተኛ ነው። የዚያች እናት ጉዞ ግን ከሰፈር ወደ ጎረቤት ሰፈር፣ አጭር አጭር፣ ቀትር ላይ፣ ሸክም ያለበት ነው። ሁለቱ ሰፈሮች ሁለት ኪሎ ሜትር ቢራራቁም መሀል ከተማ ደርሳ መመለስ ሊኖርባት ነው። «አማካይ ተሳፋሪ» ብሎ የሚነሳ ዲዛይን እንዲህ ያለውን ሰው አያየውም፤ አማካይ ተሳፋሪ የሚባል ሰው ደግሞ ፌርማታ ላይ ቆሞ አይገኝም።

ሌሊት የሚሠራውም እንዲሁ ይረሳል። ሴኡል በ2013 የሌሊት አውቶቡስ ስትጀምር መስመሩን የወሰነችው ከእኩለ ሌሊት በኋላ በተደረጉ በቢሊዮኖች የሚቆጠሩ የሞባይል ጥሪዎች መረጃ ነው። ሰው ከየት ይደውላል፣ ቤቱስ የት ነው የሚለው ሲገጣጠም፣ ከተማዋ ሌሊት ወዴት እንደምትሄድ ታየ። ብልህ ዘዴ ነው። አንድ ነገር ግን ልብ ማለት ያሻል፤ የስልክ መረጃ የሚያሳየው የሄደውን ሰው ነው። ትራንስፖርት ባለመኖሩ የሌሊቱን ፈረቃ ሥራ ሳይቀበል የቀረውን፣ ወይም ፈርቶ ከቤቱ ያልወጣውን አያሳይም። እሱን ለማግኘት ሄዶ መጠየቅ ግድ ነው።

ካርታው ምን ይደብቃል?

በ1931 ሃሪ ቤክ የሚባል የሎንዶን የምድር ውስጥ ባቡር የቴክኒክ ንድፍ ሠራተኛ፣ ማንም ሳያዘው አዲስ ካርታ ነደፈ። መስመሮቹን ሁሉ አግድም፣ ቁልቁል ወይም በ45 ዲግሪ ሰያፍ አደረጋቸው፤ በጣቢያዎች መካከል ያለውን ርቀት አስተካከለ፤ ከመሬት በላይ ካለው ነገር ቴምዝ ወንዝን ብቻ አስቀረ። መጀመሪያ ከተለመደው በጣም የራቀ ነገር ነው ተብሎ ተመለሰበት። በ1933 ለሙከራ ታትሞ ሲወጣ ግን ሕዝቡ ወደደው፤ ዛሬ በዓለም ዙሪያ ያሉ የባቡር ካርታዎች አብዛኞቹ የእሱ ዘር ናቸው። ቤክ የገባው ነገር ቀላል ነበር፦ ከመሬት በታች ያለ መንገደኛ የሚፈልገው የትኛውን መስመር ይዤ የት ልቀይር የሚለውን ነው፤ ከላይ ያለው መንገድ ስንት ቦታ እንደሚታጠፍ አይገደውም።

ያው ሐሳብ ኒው ዮርክ ሲደርስ ሌላ ዕጣ ገጠመው። ንድፍ አውጪው ማሲሞ ቪኜሊ በ1972 የሠራው የምድር ውስጥ ባቡር ካርታ በውበቱ እስካሁን ይደነቃል፤ የግራፊክስ ሰዎች ግድግዳቸው ላይ ይሰቅሉታል። ተሳፋሪው ግን አልተስማማውም። የኒው ዮርክ ሰው ከተማውን የሚያውቀው በመንገድ ቁጥር ነው፤ ከጣቢያ ሲወጣ የት ጎዳና ላይ እንደሚወጣ ማወቅ ይፈልጋል። ካርታው ላይ ረጅሙ ሴንትራል ፓርክ ጎኖቹ እኩል የሆኑ አራት ማዕዘን መስሎ፣ ያውም ግራጫ ቀለም ተቀብቶ ሲያገኘው ግራ ገባው። በ1979 መሬቱን የሚመስል ካርታ ተተካ። የቤክና የቪኜሊ ካርታዎች በአንድ ዓይነት ጥበብ የተሠሩ ናቸው፤ የለያያቸው ተሳፋሪው አስቀድሞ በጭንቅላቱ ይዞት የሚመጣው ከተማ ነው። በሌላ ከተማ የሠራን መፍትሔ እንዳለ መቅዳት የሚያስቸግረው በዚህ ምክንያት ነው።

የቤክ ካርታም ዋጋ አስከፍሏል። ሌስተር ስኩዌርና ኮቨንት ጋርደን የተባሉት ጣቢያዎች በ260 ሜትር ገደማ ብቻ ነው የሚራራቁት። ካርታው ላይ ግን ርቀቱ እንደ ማንኛውም የሁለት ጣቢያ ርቀት ስለሚታይ፣ እንግዳ ሰው ወርዶ፣ ከፍሎ፣ ባቡር ጠብቆ ይሄዳል፤ በእግሩ ቢሆን ገና መድረኩ ላይ ሳለ ይደርስ ነበር። ከተማዋ ከ2007 ጀምሮ በየእግረኛ መንገዱ ያቆመቻቸው የአቅጣጫ ሰሌዳዎች ይህን ለማረም የመጡ ናቸው። ሰሌዳዎቹ ላይ ሁለት ነገር እወዳለሁ። አንደኛ፣ በካርታው ላይ ክብ ተሰምሮ በ5 ደቂቃ እርምጃ የት መድረስ እንደሚቻል ያሳያል፤ ሰው ሜትር ቢነግሩት አይታየውም፣ ደቂቃ ግን ያውቃል። ሁለተኛ፣ ካርታው ሁልጊዜ ሰሜንን ወደ ላይ አያደርግም፤ አንባቢው የቆመበት አቅጣጫ ወደ ላይ ይሆናል። ፊት ለፊትህ ያለው ሕንፃ ካርታው ላይም ከፊትህ ነው፤ አንገት ማጣመም፣ ስልክ እየገለበጡ መዞር የለም።

ማንበብ የማይችለውስ? የሜክሲኮ ሲቲ ምድር ውስጥ ባቡር በ1969 ሲከፈት ለእያንዳንዱ ጣቢያ ከስሙ ጎን የራሱ ሥዕል ተሰጠው፤ ሥራውን ከመሩት አንዱ ንድፍ አውጪው ላንስ ዋይማን ነው። ፌንጣ ያለበት ጣቢያ አለ፣ ደወል ያለበት አለ። ፊደል ያልቆጠረም ሆነ ቋንቋውን የማያውቅ እንግዳ «ፌንጣው ጋ ውረድ» ቢባል አይሳሳትም። የቶኪዮ ሜትሮም በ2004 ለየጣቢያው ፊደልና ቁጥር የሰጠው ጃፓንኛ የማያነበውን መንገደኛ አስቦ ነው፤ ልጆችና አረጋውያንም ተጠቀሙበት።

መንገደኛው ራሱ የሠራው

እስካሁን ያነሳሁት ሁሉ መሐንዲስና በጀት ያለው ሥርዓት ነው። በዓለም ላይ ካሉ ትልልቅ ከተሞች ብዙዎቹ የሚንቀሳቀሱት ግን በሚኒባስ ነው፤ የጊዜ ሰሌዳ የለውም፣ የታተመ ካርታ የለውም፣ መረጃው ያለው በረዳቱ አፍና በተሳፋሪው ጭንቅላት ውስጥ ነው። ይህን ዓይነቱን ትራንስፖርት «ሥርዓት አልባ» ብሎ ማለፍ ይቀናናል። እኔ እዚህ ላይ አልስማማም። ጆሃንስበርግ ውስጥ ተሳፋሪ መንገድ ዳር ቆሞ በጣቱ ምልክት ያሳያል፦ አመልካች ጣት ወደ ላይ ከሆነ ወደ መሀል ከተማ ነው፤ ለሌሎች መዳረሻዎችም ሌሎች ምልክቶች አሉ። ሾፌሩ ከሩቅ አይቶ ይቆማል ወይም ያልፋል። ማንም ቢሮ ተቀምጦ ያልነደፈው፣ ባትሪ የማይፈልግ፣ ጫጫታ የማያግደው የመረጃ ሥርዓት ነው።

ሥርዓቱ ያለመጻፉ ችግር የሚታየው እንግዳ ሲመጣና ከተማ ፕላን ሲወጣ ነው። የናይሮቢ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከአሜሪካ ባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው ተማሪዎችን ስልክ አስይዘው ማታቱ በሚባሉት የከተማዋ ሚኒባሶች አሳፈሩ። ተማሪዎቹ ከ130 በላይ መስመሮችን ከዳር እስከ ዳር ተጉዘው የሚቆምበትን ሁሉ መዘገቡ፤ በ2014 የከተማዋ የማታቱ ካርታ ይፋ ሆነ። መረጃውን የጻፉት በዓለም ላይ በተለመደው የትራንስፖርት መረጃ አቀራረብ ነው። ይህ አቀራረብ የተጀመረው በ2005 በአሜሪካዋ ፖርትላንድ ነው፤ ቢቢያና ማክሂው የተባለች የከተማው ትራንስፖርት ድርጅት ሠራተኛ፣ ለመኪና የሚሆን አቅጣጫ ከኢንተርኔት በቀላሉ ሲገኝ ለአውቶቡስ ግን አለመገኘቱ ከንክኗት ጉግልን አነጋገረች። ከዚያ የወጣው ጥቂት ተራ የጽሑፍ ሰንጠረዦች ናቸው፦ ፌርማታዎች፣ መስመሮች፣ ጉዞዎች፣ ሰዓቶች። ዛሬ ስልካችን ላይ «አውቶቡስህ ይህ ነው» የሚሉን መተግበሪያዎች አብዛኞቹ የሚያነቡት እነዚያን ሰንጠረዦች ነው። ማታቱ ሰዓት ስለሌለው ናይሮቢ ላይ አቀራረቡን ማላመድ አስፈልጎ ነበር፤ ተሳፋሪውን ወደ ቅጹ ከማስገደድ ቅጹን ወደ ተሳፋሪው ማምጣት ማለት ይህ ነው።

መተግበሪያ መጨረሻ ላይ ቢመጣ እመርጣለሁ የምለውም ለዚህ ነው። ከሥሩ ያለው መረጃ ከሌለ፣ አውቶቡሱም ካልመጣ፣ ስክሪኑ የሚነግረን አለመምጣቱን ብቻ ነው። ስማርት ስልክ የሌለው፣ ቻርጅ ያለቀበት፣ ዳታ የሌለው ሰውም ፌርማታ ላይ አለ። መስመሩና የሚሄድበት ቦታ በደማቁ የተጻፈበት አንድ ምሰሶ ለሁሉም ያገለግላል።

ሁሉንም ማስደሰት አይቻልም

ተጠቃሚን ማዳመጥ ሲባል ስብሰባ ጠርቶ የተናገረውን ሁሉ መፈጸም የሚመስላቸው አሉ። የአሜሪካዋ ሂውስተን ያደረገችው የተለየ ነው። የአውቶቡስ መስመሮቿ ለአሥርተ ዓመታት አንዱ በሌላው ላይ እየተጨመረ የኖሩ ነበሩ፤ አንዱ አንዱን ይደራረባል፣ ሁሉም መሀል ከተማ ይገባል፣ ብዙዎቹ በሰዓት አንዴ ወይም ሁለቴ ያልፋሉ። አመራሩ አስቀድሞ ያነሳው ጥያቄ ግልጽና የማይመች ነበር፦ ካለን አቅም ምን ያህሉ ብዙ ሰው የሚሳፈርበት ቦታ ይዋል፣ ምን ያህሉ ሰው በሌለበትም አገልግሎት ለማድረስ? 80 ለ20 ብለው ወሰኑ። ከዚያ በነሐሴ 2015 በአንድ ሌሊት የከተማዋ የአውቶቡስ መስመሮች ተለወጡ፤ በየ15 ደቂቃው ወይም ከዚያ ባነሰ ጊዜ፣ ቅዳሜና እሁድን ጨምሮ የሚመላለሱ መስመሮች እንደ መረብ ተዘረጉ። ቶሎ ቶሎ የሚመጣ አውቶቡስ የጊዜ ሰሌዳን ከሰው ጭንቅላት ያስወጣል፤ ቅየራውም ያን ያህል አያስፈራም፣ ቀጣዩ ቅርብ ነውና።

የከፈለ ሰው ግን አለ። ደጁ ላይ የሚቆም አውቶቡስ የነበረው፣ አሁን አራት አምስት መቶ ሜትር መራመድ አለበት። ለወጣት ቀላል ነው፤ ጉልበቱን ለሚያመው አዛውንት ግን ደንበኛ ኪሳራ ነው። ሐቀኛ የሆነ ዲዛይን ይህን አይሸፍንም፤ ማን ምን እንደሚያጣ በቁጥር አስቀምጦ፣ ለሚያጣው ሌላ ምን እንደተዘጋጀለት ይነግረዋል። ደግሞ ስብሰባ ላይ የሚናገረው ብዙውን ጊዜ ያለውን ላለማጣት የመጣ ሰው ነው፤ ከአዲሱ መስመር የሚጠቀመው ገና መጠቀሙን ስለማያውቅ አይመጣም። የዳኝነቱ ክብደት እዚህ ላይ ነው።

አስፋልትና ኮንክሪት ከመፍሰሱ በፊት መሞከር ከዚህ ጭንቀት ትንሽ ያሳርፋል። ኒው ዮርክ በ2009 ብሮድዌይን ታይምስ ስኩዌር ላይ ለመኪና ስትዘጋ የጀመረችው በቀለም፣ በበርሜልና በሜዳ ወንበር ነው። ሰው ተቀመጠ፣ ተለካ፣ በቀጣዩ ዓመት ቋሚ እንዲሆን ተወሰነ። ባይሠራ ኖሮ ወንበሩ ይነሳ፣ ቀለሙም ይፋቅ ነበር።

የመጨረሻው አራት ሜትር

የመሻገሪያ መብራት ሰከንዶች የሚወሰኑት እግረኛ ምን ያህል ይፈጥናል በሚል ግምት ነው። የአሜሪካ የትራፊክ መመሪያ ለረጅም ጊዜ በሰከንድ 1.2 ሜትር ይል ነበር፤ በ2009 ወደ 1.1 ገደማ አወረደው። 12 ሜትር ስፋት ያለው መንገድ በ1.2 ሒሳብ 10 ሰከንድ ይሰጠዋል። ምርኩዝ ይዘው በሰከንድ 0.8 ሜትር የሚራመዱ እናት ግን በ10 ሰከንድ የሚደርሱት 8 ሜትር ነው። መኪናው ሲለቀቅ 4 ሜትር ይቀራቸዋል፤ በብዙ መንገዶች ይህ መኪና የሚያልፍበት የመጨረሻው መስመር ሙሉ ስፋት ያህል ነው። ሲንጋፖር ከ2009 ጀምሮ አረጋውያንና አካል ጉዳተኞች ካርዳቸውን ምሰሶው ላይ ሲያስነኩ መብራቱ ተጨማሪ ሰከንዶች እንዲሰጣቸው አደረገች። ለሁሉም ሰው ጊዜውን ማርዘም ሳያስፈልግ፣ ለሚያስፈልገው ይረዝማል።

የዓይነ ስውራን መንገድም ከአንድ ሰው ትኩረት ነው የመጣው። ጃፓናዊው ሴይቺ ሚያኬ በ1965 የፈለሰፋቸው በእግር የሚዳሰሱ ጡቦች በ1967 ኦካያማ ውስጥ በዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት አጠገብ መጀመሪያ ተነጠፉ። ረጃጅም ጉብታ ያለው «ሂድ» ማለት ነው፣ ነጠብጣቡ «ቁም» ማለት ነው። ዛሬ በብዙ አገር አለ፤ ብዙ ቦታም ተበላሽቶ ነው ያለው። ጡቡ ቀጥ ብሎ ሄዶ የመብራት ምሰሶ ሥር ያልቃል፣ ወይም ላዩ ላይ ሞተር ሳይክል ይቆምበታል። ያነጠፈው ሰው ዓይኑን ጨፍኖ ነጭ በትር ይዞ አንዴ ቢሄድበት ኖሮ ምሰሶው ይታየው ነበር።

አሳንሰር ደግሞ የሁሉም ፈተና ነው። የኒው ዮርክ ምድር ውስጥ ባቡር 472 ጣቢያዎች አሉት፤ በ2022 በተደረሰ የፍርድ ቤት ስምምነት መሠረት ዊልቸር መግባት ከማይችልባቸው ጣቢያዎች 95 በመቶው የሚስተካከሉት እስከ 2055 ነው። አንድ ሥርዓት ሲሠራ ያልታሰበበት ነገር በኋላ ሲጨመር ይህን ያህል ይፈጃል። ከተሠራም በኋላ፣ አሳንሰር ያለው ጣቢያ አሳንሰሩ በቆመበት ቀን አሳንሰር እንደሌለው ይቆጠራል፤ ዊልቸር ላይ ያለ ሰው ይህን ማወቅ ያለበት ደግሞ መድረኩ ላይ ደርሶ ሳይሆን ከቤቱ ሳይወጣ ነው። እንግዲህ አዲስ ጣቢያ የሚያስገነባ ከተማ ከሥዕሉ ጋር አብሮ ሊጠይቃቸው የሚገቡ ነገሮች አሉ፦ አሳንሰሩ ሲበላሽ በስንት ሰዓት ውስጥ ይጠገናል፣ ወጪው ከየትኛው የበጀት መደብ ነው፣ መበላሸቱስ ለተሳፋሪው በምን መንገድ፣ በማን በኩል ይነገረዋል? መልሱ ግንባታው ከመጀመሩ በፊት በውሉ ላይ መስፈር አለበት።